አናቱ ኮርኒስ ላይ የወጣው ፎቅ

ጋሽ ከድሩ ፎቶ ሲያነሱ «ፈገግ በሉ» አይሉም ነበር። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ፊቱ ይደርቃል፤ ፈገግ በል ሲሉት ደግሞ ጥርሱን ያመመው ይመስላል ይላሉ። እሳቸው የሚያደርጉት ሌላ ነው። ደንበኛውን ግድግዳው ፊት ያቆሙታል፣ አንገቱን ያቃኑለታል፣ ከካሜራው ኋላ ይሄዱና ስለ ፎቁ አንድ ነገር ይነግሩታል። ሰውየው የሰማውን ማመን አቅቶት ዓይኑ ሲፈጥ፣ ያን ጊዜ ቀጭ ያደርጋሉ። በዚያ ዘመን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ደንግጦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቁ የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሳለ ነው። ኢምፓየር ስቴት የሚባለው፣ አሜሪካን አገር ኒውዮርክ ከተማ ያለው። እኛ ግን ስሙን ጠርተን አናውቅም፤ ፎቁ ነበር የምንለው። ጋሽ ከድሩ የባቲ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ አሰብ ወደብ ጭነት ሲሸከሙ ቆይተው አንድ የግሪክ መርከብ ላይ በወጥ ቤት ተቀጠሩ። ሽንኩርት እየላጡ ብዙ ባሕር ተሻገሩ። መርከቡ ኒውዮርክ በቆመ ጊዜ ካፒቴኑ አንድ ቀን ለቀቃቸው፤ ያን ቀን ፎቁን ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያዩት አገር ሁሉ ከአእምሯቸው ጠፋ። አገራቸው ሲመለሱ የያዙት አንድ ካሜራና የፎቁ ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ይዘው ፎቶ ቤት ከፈቱ።

የሳለላቸው ጌጡ ነው፤ የቡና ቤት ስምና የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ የሚስለው ጌጡ። ፖስት ካርዱን በግራ እጁ ይዞ ከሥር ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን መስኮቶች ትልልቅ አድርጎ ስለሳላቸው ገና ፎቁ ሳያልቅ ግድግዳው አለቀበት። ጌጡ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይብቃው፤ ማን ይቆጥረዋል» አላቸው። ጋሽ ከድሩ አናቱ ያልታየ ፎቅ ምኑ ፎቅ ነው ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ጌጡ የተረፈውን በአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ሳለው። ግድግዳው ሲያልቅ ፎቁ ወደ እኛ ታጥፎ በራሳችን ላይ ይሄዳል፤ ሹል አናቱ ከመብራቱ አጠገብ ያልቃል። መብረቅ ይመታዋል ብለውት ስለነበር አንድ ጠማማ ቢጫ መብረቅም ጨመረበት። አናቱ እንዲገባለት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ከድሩ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ወደ ላይ ያነሳሉ።

እኔ እዚያ ቤት ፎቶ አጥብ፣ የደንበኛ ፀጉር አበጥር፣ ክራባትና ኮት አለብስ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሌላ ሥራ አልጠበቅሁም። ኮቱ አንድ ነው፤ ቡናማ፣ መካከለኛው አዝራሩ የወለቀ፣ የኋላ ስፌቱ የተፈታ። ወፍራሙም ቀጭኑም እሱኑ ለብሶ ይነሳል። ለወፍራሙ ከኋላ ክፍት እንተወዋለን፣ ለቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እንይዘዋለን።

ጋሽ ከድሩ የሚሉትን በየቀኑ እሰማ ስለነበር በቃሌ አውቀዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ መደንገጤ አልቀረም። ፎቁን ሠርተው የጨረሱት ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው፤ ያውም አሜሪካኖች ሥራ አጥተው ለዳቦ በሚሰለፉበት ዘመን። አናቱ በዓመት ሃያ ጊዜ ያህል በመብረቅ ይመታል፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን ምንም አይሆንም። ሹሉን ሲያስቡት በአየር ላይ የሚንሳፈፍ መርከብ መጥቶ እንዲታሰርበት ነበር፤ ነፋሱ አስቸገረና ተዉት። በረዶ የጣለ እንደሆነ ነፋሱ እየገፋው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። አንድ ቅዳሜ በጭጋግ አንድ የጦር አውሮፕላን መጥቶ ገባበት። ሰው ሞተ፤ ፎቁ ግን አልወደቀም፤ ሰኞ ብዙው ቢሮ ሥራውን ቀጠለ። ይህን ለወታደሮች ነበር የሚናገሩት፤ አንድ አሥር አለቃ ፎቶው ላይ አፉ ተከፍቶ ስለወጣ ዳግመኛ አንሱኝ ብሎ ተጣልቷቸዋል።

ስለ አካሄዱ ሲናገሩ «ብትሄዱ» ሳይሆን «ስትሄዱ» ነው የሚሉት። ነገ ጠዋት ለሚሳፈር ሰው የሚመክሩ ነበር የሚመስለው። ስትሄዱ መጀመሪያ ከሥር ቆማችሁ አናቱን እዩ፤ ደመና ከሸፈነው አትውጡ፣ ነጭ ነገር ከማየት በቀር ምንም አታገኙም። ማለዳ በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ ፀሐይ ከፍ ካለች ሰልፉ አያልቅም። አሳንሰር የሚሉት፣ ሰው የሚያወጣው ሳጥን፣ ሲነሳ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ አትደንግጡ፣ ምራቃችሁን ዋጡ። ላይ ስትደርሱ ነፋሱ ኮፍያም ነጠላም ይወስዳል፤ አጥብቃችሁ ያዙ። ወደ ታች ቸኩላችሁ አትዩ፤ በመጀመሪያ ሩቁን እዩ፣ ዓይናችሁ ይለምዳል።

በዚያ የሚያልፉት የጭነት መኪና ሹፌሮች ቀልድ አያልቅም ነበር። አንዱ፣ «ጋሼ፣ መቶኛው ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሽንት ቤቱ ከታች ከሆነ ምን ይሆናል?» ይላል። ሌላው፣ «እሱማ ከአፋር በረሃ ይሻላል፣ ቢያንስ ጥላ አለው» ይላል። አንድ ጊዜ ግን አንድ የአፋር ሽማግሌ ከአሚባራ መጥተው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ጋሽ ከድሩ መብረቁንም አውሮፕላኑንም ነገሯቸው፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። በመጨረሻ፣ ይህ ነገር ከመሠራቱ በፊት መሬቱ የማን ግጦሽ ነበር ብለው ጠየቁ። ያን ቀን የደነገጠው ፎቶ አንሺው ነው።

አማን የመጣው በሰባ ስድስት ዓ.ም. ነው፤ ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምሉበት ጊዜ። ከሎጊያ በጭነት መኪና የመጣ፣ ሃያ ዓመት የሆነው ቀጭን ልጅ ነበር። ያመጣው ሹፌር ጀማሉዲን ይባላል፤ አሰብና አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ የቤታችን ደንበኛ። ለአማን ኮቱን አለበስኩት፣ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ያዝኩለት። ጋሽ ከድሩ ያላቸውን ሁሉ ነገሩት፤ እሱ ግን አልደነቀውም። አንገቱን እየነቀነቀ ብቻ ያዳምጣል። በመጨረሻ የአሳንሰሯን ሴት ነገሩት። አውሮፕላኑ ፎቁን በመታ ጊዜ አሳንሰር የምታንቀሳቅስ አንዲት ወጣት ነበረች፤ ገመዱ ተበጥሶ ከሰባ ፎቅ በላይ ከነሳጥኑ ወደቀች፣ ግን ዳነች። አማን ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣

«ለእናቷ መጀመሪያ ምን ብለው ነገሯት ይሆን?» አለ።

የፎቁ አናት እንዲገባለት ስለፈለገ ጋሽ ከድሩ ወለሉ ላይ ተኝተው ነበር፤ በጀርባቸው እንደተኙ ቀጭ አደረጉ። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ያ ነው። እኔ ፊልሙን ላጥብ ወደ ጓሮ ጨለማ ክፍል ገባሁ፤ እነሱ ሦስቱ መጋረጃውን ዘግተው ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት የአርባ ዓመት ያህል ሴት በፊተኛው ክፍል በር ላይ ቆማ አሰላሙ አለይኩም አለች። አቧራ እስከ ሽፋሽፍቷ ድረስ ሸፍኗታል። ኡሙሀኒ እባላለሁ አለች፤ ከሎጊያ ነው የመጣሁት፣ እዚያ ሻይ ቤት አለኝ፣ ዳቦም እጋግራለሁ። በጭነት መኪና ላይ እንዳደረች ያስታውቃል። ውሃ ሰጠኋት። ጨልጣ ጠጥታ ጋሽ ከድሩን፣ እዚያ ፎቅ ላይ የወጡት እርስዎ ነዎት ወይ አለቻቸው።

ጋሽ ከድሩ ስለ ፎቁ የጠየቃቸውን ሰው ከየት መጣህ አይሉም። አግዳሚው ላይ አስቀመጧት፣ ጀመሩላት። እሷም እንደ ሌላው ሰው አልሳቀችም፣ አልተደነቀችም። መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የምታዳምጠው። ማለዳ ነው የሚሻለው ሲሏት፣ ማለዳ ስንት ሰዓት ላይ ብላ ትጠይቃለች። ምራቅሽን ዋጪ ሲሏት፣ የረመዳን ጾም ከሆነስ አለች። ጋሽ ከድሩ ይህን ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ተደሰቱ፤ ምራቅ ጾም አያፈርስም፣ አብሽሪ አሏት። ሰልፉ ላይ ስም ይጠራሉ ወይ፣ ሰው ፈልጎ የመጣ ሰው ማንን ይጠይቃል፣ ከሥር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያባርሩታል ወይ፣ እያለች ቀጠለች። እኔ ማበጠሪያውን ማጠቤን ተውኩ።

«ለምንድን ነው እህቴ?» አሏት ጋሽ ከድሩ።

«ልሄድ ነዋ። ልጄ እዚያ ነው ያለው።»

ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። አማን ነው። ቡናማው ኮት፣ ከኋላው ፎቁ፣ ከላይ ጠማማው መብረቅ። ጂቡቲ ተሻግሮ በመርከብ አሜሪካ እንደገባ ሹፌሩ ጀማሉዲን ወሬውን ከፎቶው ጋር አድርሶላታል። ፎቶውን ያየ የሎጊያ ሰው ሁሉ፣ አዋሽ ላይ ያንን ፎቅ የወጣ አንድ ሰው አለ፣ እሱን ጠይቂ ብሏታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ወዴት ነው የምትሄጂው ብሎ ሲጠይቃት እውነቱን ነገረችው፤ ልጄ ያለበትን ፎቅ መንገድ ልጠይቅ ነው አለችው። ስቆ የይለፍ ወረቀቱን ሰጣት።

ጋሽ ከድሩ ፎቶውን አልተቀበሏትም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ግድግዳ እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። በእሷና በእውነቱ መካከል የነበረው አንድ መጋረጃ ነው። እሳቸው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ አሁን ወደ ቤትሽ ተመለሽ፣ እኔ አጣርቼ በሹፌሮች እልክልሻለሁ አሏት። እሷ ተነሳች። መሄዷ መሰለኝ። ጫማዋን አወለቀች።

«የዙህር ሶላት ደርሷል። የምሰግድበት ንጹሕ ቦታ ስጡኝና እሄዳለሁ» አለች።

መንገደኛ መስገጃ ሲለምን እምቢ የሚል ሰው አላየሁም፤ ጋሽ ከድሩም እምቢ ማለት አልቻሉም። ፊተኛው ክፍል የሰው ጫማ የሚረግጠው ነው። ንጹሕ ምንጣፍ ያለው ከመጋረጃው ኋላ ብቻ ነው፤ ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላውም በፎቁ ግድግዳ በኩል ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲሰግዱ ሥዕሉ ፊታቸው እንዳይሆን በሽቦ የተንጠለጠለ ትልቅ አንሶላ ይስቡበት ነበር። ዓይናቸው እኔ ላይ ወደቀ። እሷ ጓሮ እጅ እግሯን እየታጠበች ወዱእ ስታደርግ ሮጬ ገባሁና አንሶላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብኩት። ፎቁ ተሸፈነ። ወጣሁ፣ እሷ ገባች።

ጋሽ ከድሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። በመጋረጃው ክፍተት ትታየኛለች። ጎንበስ አለች፣ ሰገደች፣ ተነሳች። ሶላቷን ስትጨርስ ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረች። ምስማሩ ላይ ኮቱ ተንጠልጥሏል። ያን ለመሸሸግ አላሰብኩም ነበር። ትንሽ ቆየች፣ ወደ ግራም አዞረች። ከዚያ ለዱዓ እጇን ዘርግታ ፊቷን ወደ ላይ አነሳች።

ኮርኒሱን አንሶላ አልሸፈነውም።

ጠማማውን መብረቅ አየችው። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። ተነስታ በኮቱ መካከል የወለቀውን አዝራር ቦታ በጣቷ ነካችው፣ ወደ ግድግዳው ሄዳ አንሶላውን ገለጠችው። ጌጡ የሳላቸው መስኮቶች ሁሉ ብቅ አሉ። ፎቶውን ከጉያዋ አውጥታ አንዴ ፎቶውን አንዴ ግድግዳውን እያየች ቆየች።

«ልጄ የት ነው?» አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

ጋሽ ከድሩ ገብተው አጠገቧ ቆሙ። አማን በሕይወት አለ አሏት በመጀመሪያ። ከዚያ የቀረውን ነገሯት፤ እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሎጊያ ላይ ኡሙሀኒ ወላሂ ካለች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ነጋዴው ተጣልቶ እሷ ፊት ይዳኛል። ሊቀመንበሩም ይህን ያውቃል። ልጇ የት እንደገባ ሲጠይቃት በቁርአን እንደሚያስምላት፣ እሷም በውሸት እንደማትምል አማን ያውቅ ነበር። ስለዚህ እናቴ አምና እንድትምል ላድርግ ብሎ አሰበ። ፎቶውን ተነሳ፣ ጀማሉዲን ወሬውን አደረሰ። እሷም አምና ማለች። ሊቀመንበሩም ስሙን ከውትድርናው መዝገብ ሰረዘ።

«ሰው ፊት፣ ቁርአን ይዤ» አለች። «አሜሪካ ነው አልኩ።»

ሳያውቅ የማለ ኃጢአት የለበትም አሏት። እሷ ግን አሁን አውቄያለሁ አለች። ከመሄዱ ይልቅ ሌላው ነገር ነበር ያንገበገባት። ይህ ልጅ ከእሱ ሕይወት ምላሴን የማስበልጥ መሰለው ማለት ነው አለች። መልሳ ደግሞ፣ ቢነግረኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም አለች። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የት ነው ያለው ብላ እንደገና ጠየቀች።

ጋሽ ከድሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰመራ» አሏት።

ሰመራ በዚያን ጊዜ ከተማ አልነበረም፤ ከሎጊያ ትንሽ አለፍ ብሎ የመንገድ ሠራተኞች የሰፈሩበት በረሃ ነው። አማን ስሙን ቀይሮ እዚያ ድንጋይ ይጭን ነበር። ኡሙሀኒ ደግማ ደጋግማ ሰመራ፣ ሰመራ አለች። እሷ ልጇን ፍለጋ አሜሪካ ልትሄድ ተነስታ አዋሽ ደርሳለች፤ እሱ ከደጇ በእግር የሚኬድ ቦታ ነው። ቀጥሎ ያለችው ግን ጋሽ ከድሩንም አስደነገጣቸው። የሰመራን ካምፕ ዳቦ የምትልከው እሷ ናት። በየማለዳው በውሃ ቦቴው ላይ ጆንያ ሙሉ ታስጭናለች። ከካምፑ አንድ ሰው ደግሞ በቦቴው ሹፌር በኩል፣ ዳቦው ከሥሩ አሯል፣ ጨው በዝቶበታል እያለ መልእክት ይልክባት ነበር። እሷም፣ ካልጣመው ራሱ ይጋግር በሉት ትል ነበር።

«ቤትም እያለ እንዲሁ ነበር» አለች። «ሥሩን እየፈቀፈቀ ነው የሚበላው።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልገባኝ ነገር መጣባት።

ወደ ሎጊያ ወዲያው አልተመለሰችም። ከተመለሰች ሊቀመንበሩ ይጠይቃታል፤ ስማቸው ቢሰረዝም ጠፍተው የቀሩትን ልጆች ቤተሰብ በየጊዜው እየጠራ ያስምላል። አልምልም ብትል መልሱ ታወቀ ማለት ነው። እኔ ቤት ሰነበተች። ቀን ቀን ፎቶ ቤቱ መጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ጋሽ ከድሩ አንድ ቀን በልማዳቸው፣ ነይ አንድ ፎቶ ላንሳሽ፣ ከፎቁ ጋር ያምርብሻል ብለው ጀምረው እኔ በክርኔ ስነካቸው ተዉት።

ከዚያ ጀማሉዲን ከአሰብ በኩል መጣ። መኪናውን ሳያጠፋ ወርዶ ጋሽ ከድሩን ወደ ጥግ ወሰዳቸው። የሎጊያው ሊቀመንበር ለስብሰባ አዲስ አበባ እየሄደ ነው፤ ገዋኔ ምሳ እየበላ ትቶት መጥቷል። ፎቶ አንሺዎች ፎቅ በግድግዳ እየሳሉ ሰው ያነሳሉ የሚል ወሬ ሰምቷል፤ አዋሽ ሲደርስ ያንን ቤት በዓይኔ ሳላይ አላልፍም ብሏል።

ጋሽ ከድሩ ወደ ኋለኛው ክፍል ገብተው ግድግዳውን አዩት። እኔ የምፈራው በአንሶላ ይሸፍኑት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አንሶላ የሚገልጥ እጅ ብዙ ነው። ወጥተው ጌጡን ከነኖራው ጥሩልኝ አሉ። ጌጡ ባልዲውን ይዞ መጣና ሲነግሩት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጋሼ፣ አመመዎት? ይህን ሁሉ መስኮት ስስል እኮ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር።»

«ቀባው።»

«ዋናውን ፎቅ፣ አውሮፕላን እንኳ ያልጣለውን…»

«ቀባው አልኩህ ጌጡ።»

ጌጡ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ቀባው። ኮርኒሱን ግን ኖራ አይዘውም፤ ጋሽ ከድሩ ወንበር ላይ ወጥተው አቡጀዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት። የዓመታት አቧራና የእንሽላሊት ኩስ በራሳቸው ላይ ወረደ። ጨርቁን ጠቅልለው ጓሮ ወስደው አቃጠሉት። ሲቃጠል አልተመለከቱትም። ኮቱንም እሳቱ ላይ እኔ ጨመርኩት፤ ማንም አላዘዘኝም። ኡሙሀኒ ኖራውን ስትበጠብጥ ቆይታለች። ሊቀመንበሩ ሲመጣ ጓሮ ግቢ ተብላ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ከታሰበው ቀድሞ ደረሰ። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ እንደሆነ በር ላይ ተገናኙ።

«ኡሙሀኒ» አላት፤ ካኪ ለብሷል፣ ላብ በላብ ነው። «አሜሪካ ደረስሽ እንዴ? ሥራም ይዘሻል።»

ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሳቁ። ሊቀመንበሩ እኛን ሰላም ሳይል መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እርጥቡን ነጭ ግድግዳ አየ፣ ቀና ብሎ የተራቆተውን ቆርቆሮ አየ። ፎቁ የታለ አለ። ጋሽ ከድሩ፣ ፎቁ አሜሪካ ነው፣ እዚህ ያለው ወሬው ነው አሉት። ምስጥ ኮርኒሱን ስለበላው ቤቱን እያደስን ነው አሉ። ሊቀመንበሩ ኖራውን በጣቱ ነካ። ጣቱን አሸት አሸት አድርጎ ተመለከተውና ወደ ኡሙሀኒ ዞረ።

«ሌላው ሰው የሚለኝን አላምንም» አላት። «አንቺን ግን አውቅሻለሁ። እዚሁ ንገሪኝ። ልጅሽ የት ነው?»

ጋሽ ከድሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንተን አልጠየቅኩም አላቸው። እኔ ኡሙሀኒን አየኋት። ዝም እንደምትል ወይም እንደምታለቅስ ነበር የጠበቅኩት። ዝምታው እንኳ ያጠፋናል ብዬ አሰብኩ። እሷ የሰውየውን ፊት ቀጥ ብላ አየችው።

«ወላሂል አዚም፣ ልጄ አሜሪካ ነው» አለች። «ቁርአን ከፈለግህ አምጣ።»

ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። ድምጿ የዳቦ ዋጋ የምትናገር ሴት ድምፅ ነበር። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ካለች አበቃ አለ ለሰዎቹ። የይለፍ ወረቀትሽ ሳያልፍ ተመለሽ፣ ሎጊያ ያለ ዳቦ ቀርቷል አላት። ፎቅ የሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልኛል ብሎ ወጣ።

መኪናው ሄደ። ጌጡ በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጋሽ ከድሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን ጥቀርሻ ያያሉ። ኡሙሀኒ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ሄድኩና ውሃ አፈሰስኩላት። ኖራው ደርቆ ስለነበር ቶሎ አልለቅ አለ። ለረጅም ጊዜ አሸችው። ያቃጥልሻል አልኳት። አልሰማችኝም።

«ከባድ ይመስለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ ይመስለኝ ነበር። ምንም አይደለም።»

ውሃ ማፍሰሴን አቆምኩ። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታም ጸጸትም አልነበረም፤ ራሷን የፈራች ሴት ነበረች።

በማግሥቱ ጀማሉዲን ከአዲስ አበባ መልስ ወደ አሰብ ሲወርድ ከጋቢናው ውስጥ አስቀመጣት። ጋሽ ከድሩ ለመንገድ ውሃ በጀሪካን ሰጧት። ለልጅሽ ምን እንበልልሽ አሏት፤ ጀማሉዲን ሰመራን አልፎ ነውና የሚሄደው። ሌላ ምንም አትበሉት፣ እናትህ አሁንም አሜሪካ ነህ ብላ ታምናለች በሉት አለች። በሩን ራሷ ዘጋችው።